በጣና ዳር መንደር ጋዜጠኛ የምትመረምርበት ልቦለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ መጻፍ ከጀመሩ ወጣቶች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ይህ ዓይነት ልቦለድ ምንድን ነው? ከሌላው የወንጀል ልቦለድ በምን ይለያል?

ፈረንጆቹ «ኮዚ» ይሉታል። እኔ «ለስላሳ የምስጢር ልቦለድ» እለዋለሁ። ወንጀል አለ፣ ተጠርጣሪ አለ፣ የሚመረምርም ሰው አለ። ግን ደም አይረጭም፤ ጭካኔው በዝርዝር አይተረክም። የምትመረምረው ሰው ፖሊስ አይደለችም። ታሪኩ የሚሆነው ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ጠባብ ቦታ ነው። መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል፤ መንደሩም ኑሮውን ይቀጥላል።

ሌላው መለያው ከአንባቢ ጋር ያለው ስምምነት ነው። መርማሪዋ ያየችውን ሁሉ አንባቢም ማየት አለበት። በመጨረሻው ምዕራፍ ታይቶ የማያውቅ ሰው አምጥታችሁ «ሌባው ይሄ ነው» ካላችሁ አንባቢው እንደተታለለ ይሰማዋል። እውነቱንም ነው።

ለምን ጋዜጠኛ? ፖሊስ ወይም መምህር ብትሆንስ?

መምህርም፣ ነርስም፣ የግብርና ባለሙያም መሆን ትችላለች። ጋዜጠኛ የሚመረጠው የመጠየቅ ምክንያት ስላለው ነው። ፖሊስ ሲጠይቅ ሰው ምላሱን ይሰበስባል፤ ነገ ፍርድ ቤት ቁምና መስክር እባላለሁ ብሎ ይፈራል። ጋዜጠኛ ስትመጣ ግን ሰዉ ራሱ ቀድሞ «ምን ወሬ አለ?» ይላታል። እሷ ትንሽ ትሰጣለች፣ እነሱም ትንሽ ይሰጣሉ።

ግን የምን ጋዜጠኛ? ባሕር ዳር ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ በኩር የሚባል ጋዜጣ አለ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም አለ። የገጠሩን ወሬ ቀድሞ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ የወረዳው ኮሙዩኒኬሽን ባለሙያ ነው። የክትባት ዘመቻ ይዘግባል፣ የመስኖ ምርቃት ይዘግባል፣ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ይጽፋል። ሞተር ሳይክል ተውሶ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር ይውላል። እኔ ዋናዋን ሰው ከእነዚህ አንዷ አድርጌያታለሁ። ለልማት ዜና ሄዳ ሌላ ነገር ታያለች። አለቃዋ የሚፈልገው የልማቱን ዜና ብቻ ነው። የታሪኩ ግማሽ ውጥረት ከዚህ ይመጣል።

መንደሩ እውነተኛ ይሁን ወይስ የፈጠራ?

ሐይቁ እውነተኛ፣ መንደሩ የፈጠራ ይሁን። እውነተኛ መንደር ስም ጠርታችሁ ሌባ ካስቀመጣችሁበት ነዋሪው «የትኛዋን ጎረቤታችንን ነው?» ማለቱ አይቀርም። የፈጠራ ስም ስጡትና እውነተኛ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

የትኛው ዳር ላይ እንደሆነ ግን በደንብ ወስኑ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 37 ያህል ደሴቶች አሉት፤ ዳሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ዘጌ ላይ ሰው የሚኖረው ጫካ ውስጥ በሚበቅል ቡና ነው፤ በሬ ጠምዶ ማረስ በቆየው የገዳሙ ሥርዓት አይፈቀድም። ምሥራቁ ዳር ፎገራ ነው፤ ሩዝ ነው። ስለዚህ ዘጌ ላይ ያስቀመጣችሁት ተጠርጣሪ «ሌሊቱን የማርሻ በሬዎቼን ስጠብቅ አደርኩ» ካለ ወይ እሱ ዋሽቷል ወይ እናንተ አላጠናችሁም። እሱ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ግድያ የግድ ነው?

አይደለም። እንዲያውም ባይኖር እመርጣለሁ። ገጠር ውስጥ ሰው ሲገደል የሚከተለው ለቅሶና ቂም ነው፤ ያ ሌላ መጽሐፍ ነው። የእድር ገንዘብ ጎደለ፣ መረብ በሌሊት ተቆረጠ፣ የንብ ቀፎ ተነሳ፣ ከዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ ጠፋ። እነዚህ ለአንድ ልቦለድ ይበቃሉ።

እኔ የመረጥኩት ብራናውን ነው። መንደሩ በሙሉ የእኔ ነው የሚለው ነገር ስለሆነ ሁሉም ያዝናል፤ ሁሉም ይጠረጠራል። ማንም የሰረቀውን እዚያው ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ ይወለዳል፦ በማን ጀልባ ወጣ?

ፍንጭ ከየት ላምጣ? እኛ ዘንድ የጣት አሻራና ካሜራ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ መልሱን የምወደውም ይሄን ነው። ፍንጩ ሰዉ ከሚኖርበት ኑሮ ውስጥ ነው። ውጭ ሄዳችሁ አትፈልጉት።

ታንኳን ውሰዱ። ታንኳ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ተክል ይሠራል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለታንኳ ከሐይቅ ሲመለስ ወደ ዳር ጎትቶ ያደርቀዋል። አሁን ጥር ነው እንበል። ዝናብ የለም። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ሦስት ታንኳዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። ሁለቱ ገርጥተዋል፤ ሲነኳቸው ይንኮሻኮሻሉ። ሦስተኛው ሆዱ ጠቁሯል፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ረጥቧል። ባለቤቱ ግን «ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ውሃ አልነካሁም» ብሏል። ጋዜጠኛዋ ጎንበስ ብላ እጇን ታስቀምጣለች። እርጥበቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ወጥቷል። አንድ ሰው ብቻ ቢሳፈርበት ያን ያህል አይሰጥምም። ሁለት ሰው ነበር፣ ወይም አንድ ሰውና ከባድ ዕቃ። ምንም መሣሪያ አላስፈለጋትም። ዳር ላይ ያደገች ልጅ ናት።

የቅዱሳንን ቀን ውሰዱ። መንደር ውስጥ ማንም «በ12ኛው ቀን» አይልም፤ «የሚካኤል ዕለት» ነው የሚለው። አንዱ ተጠርጣሪ እንዲህ ይላል፦ «ብራናው የጠፋ ጊዜ፣ ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ።» ምንም የሌለበት ንግግር ይመስላል። ግን ማርያም 21 ናት። ሁለት ቀን ሲቀራት 19 ነው፤ 19 ደግሞ ገብርኤል ነው። ከደጁ ቆሞ የደሴቱን ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልን፣ እያየ ያደገ ሰው የገብርኤልን ዕለት «ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀራት» አይልም። ስሙን ላለመጥራት ዞረበት። ለምን ዞረበት? ከዚህ በኋላ ምዕራፉ በራሱ ይሄዳል።

ጾሙንም አትርሱ። ዓርብ ቀን ከአንድ ቤት የቅቤ ሽታ ከመጣ ወይ የታመመ አለ ወይ ጾም የማይጾም እንግዳ ተደብቋል። እዚህ ጋ ግን ጸሐፊውም ይወድቃል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ታሪካችሁን ግንቦት መጀመሪያ ላይ አስቀምጣችሁ የዓርብ ቅቤን ፍንጭ ካደረጋችሁ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ሰው እናታችሁ ናት። የዓመቱን ፋሲካ አስልታችሁ ጻፉ።

ሰዓት እንዴት ልጠቀም?

በእኛው አቆጣጠር፣ ያለ ማብራሪያ። አንባቢው ሐበሻ ነው፤ ማለዳ 1 ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ማስተዋል ያለባችሁ ስልክ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚይዘው። የጽሑፍ መልእክት የገባው 2:40 ነው ካላችሁ በአንዱ ስልክ ከምሽቱ 2:40 ነው፤ በሌላው ከሌሊቱ 8:40። ስድስት ሰዓት ልዩነት አንድን ሰው ነጻ ያወጣል ወይም ያስይዛል። አንዴ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ደግማችሁ ከመጣችሁበት ይነቃባችኋል።

የመንደሩ ሰው እንዴት ይናገር?

መጀመሪያ አክብሮቱን አስተካክሉ። ከከተማ የመጣች ወጣት ሽማግሌውን «አንተ» ብላ ከጠየቀች ምርመራው እዚያው አለቀ። አባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ። መነኩሴ ከሆኑ መጀመሪያ መስቀል ተሳልማ ነው የምትጠይቀው። ወዲያው ወደ ጉዳዩም አይገባም። የቤቱ ሰው ደኅንነት ይጠየቃል፣ የከብቱ ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል። ይህን ሁሉ በየምዕራፉ መጻፍ አያስፈልግም። አንዴ በደንብ አሳዩት፤ ከዚያ አንድ ሰው ሰላምታውን ሲያሳጥር አንባቢው ራሱ ይጠራጠራል።

ሁለተኛው ነገር ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ነው። ሽማግሌ ስም ጠርቶ ሰው አይከስም፤ ነገሩን በሰምና ወርቅ ያስቀምጠዋል። እኔ የምጽፈው ታሪክ ውስጥ ጋዜጠኛዋ አንድ መሪጌታን «ስለ ብራናው የሚያውቁት አለ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሐይቁን እያዩ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው አባይ ከዚህ ከእኛ ሰፈር እንደሚነሳ ነው» ይሏታል። ወንዙ ከጣና መውጣቱን ሕፃን ያውቀዋል። የሸሿት መስሏት ማስታወሻዋ ላይ «ዓባይ» ብላ በዐይኑ ዓ ትጽፈዋለች። ከስድስት ምዕራፍ በኋላ ለዜናው ስትገለብጠው ብዕሯ ይቆማል። በአልፋው አ ብትጽፈውስ? አባይ፤ ውሸታም። «ውሸታም ከዚህ ከእኛ ሰፈር ይነሳል።» ነግረዋት ነበር። እሷ ናት በተሳሳተ ፊደል የጻፈችው።

እንዲህ ያለውን ነገር ከሌላ ቋንቋ አታመጡትም። ከአያቶቻችሁ ጋር ተቀመጡና ስሙ።

ስንት ተጠርጣሪ ይበቃል?

አምስት ወይም ስድስት። ከዚያ በላይ ከሆነ አንባቢው ስም ይምታታበታል። ሁሉም የሚደብቁት ነገር ይኑራቸው፤ ግን የአንዱ ብቻ ወንጀል ይሁን። አንዱ እቁቡን በልቷል፣ አንዷ ልጇን ለመዳር የምትደብቀው ነገር አለ፣ አንዱ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቷል።

ጋዜጠኛዋ ሴት ከሆነች ገዳም እንዴት ትመረምራለች?

እንደ ገዳሙ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ያስገባሉ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ እናቶች መነኮሳት የሚኖሩበት ነው።

አንዳንዶች «ወንድ ላድርገውና ልገላገል» ይላሉ። እኔ ክልከላውን ለታሪኩ ጥቅም አውሉት እላለሁ። ብራናው የጠፋው ሴት ከማትገባበት ደሴት ከሆነ ያየላት ሰው ያስፈልጋታል። ጀልባ ነጂውን ትልከዋለች። እሱ ያየውን ሁሉ ይነግራታል? ወይስ የመረጠውን? እሷ ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ደግሞ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ ትቆጥራለች፤ ውስጥ ብትሆን ይህን አታይም ነበር። ሥርዓቱን ተደብቃ ጥሳ የምትገባ ጀግና ግን አታድርጓት። አንባቢው ይቀየማታል፤ መንደሩም ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይነግራትም።

ፖሊስ የት ላይ ይግባ?

ይግባ፤ ሞኝ አይሁን። መንደር ውስጥ ያለ ፖሊስ ብዙ ቀበሌ በእግሩ የሚያዳርስ፣ ወረቀቱን ራሱ የሚጽፍ ሰው ነው። ጋዜጠኛዋ ልታስር አትችልም፤ ቤት ልትፈትሽ አትችልም። የምትችለው መጠየቅ፣ ማየትና መጻፍ ነው። ማንነቴን አትንገሪ ብሎ የነገራትን ሰው ለፖሊስ አሳልፋ መስጠቷ ደግሞ ከባድ የሙያ ፈተና ነው፤ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሕጉን ትንሽ እወቁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ለጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ተጠርጣሪው ከደሴት ላይ ከተያዘና ማዕበል ተነስቶ ጀልባ ካልወጣ ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል? ያልተያዘው እውነተኛ ሌባ ስንት ቀን ያገኛል? እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሠራሁት በዚህች ነጥብ ነው።

የመጨረሻውን ትዕይንት በአውጫጭኝ ልጨርሰው?

ሁሉም ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ እውነቱ የሚወጣበትን ትዕይንት ፈረንጆቹ ሳሎን ውስጥ ነው የሚያደርጉት። እኛ ከድሮ ጀምሮ አለን። አውጫጭኝ፣ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው ተጠርቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም። ካልታወቀ የጠፋውን ሰዉ ተዋጥቶ ይከፍላል። የተቀመጠው ሰው ሁሉ የእርሻ ቀኑ እየባከነበት ነው፤ ኪሱም ሊነካ ነው። ለልቦለድ ከዚህ የተሻለ መድረክ የት ይገኛል?

ግን አስቡበት። አንደኛ፣ የድሮ ነገር ነው፤ የዛሬ ታሪክ ላይ እንደ ዕለታዊ አሠራር አታቅርቡት። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ሰው ሰብስበው ነገሩን ሲያነሱት ማሳየት ግን ይቻላል። ሁለተኛ፣ አውጫጭኝ ሰውን ያስጨንቃል። በጭንቀት «እኔ ነኝ» ያለ ንጹሕ ሰው ሊኖር ይችላል። ዛሬ በማስገደድ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። ጋዜጠኛዋ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዉ አንድ ደካማ ሰው ላይ ጣቱን ሲቀስር ማስታወሻዋን ገልጣ «ቆይ፣ ያኔ እንዲህ አላላችሁም ነበር» ትላለች።

ወንጀለኛው ማን ይሁን?

መንደሩ የሚያከብረው ሰው ይሁን። ይህን የምለው አንባቢን ለማስደነቅ ብቻ አይደለም።

ረቂቆችን ሳነብ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፤ ያሳዝነኛል። ሌባው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ «ቡዳ ነው» የሚባል ሰው ነው፣ ወይ ከነገደ ወይጦ ነው። ወይጦዎች የታንኳ ሥራ ባለእጆች ናቸው፤ ከሐይቁ ጋር የኖሩ ናቸው። ሲገፉም ኖረዋል። መንደሩ መጀመሪያ እነሱን መጠርጠሩን ማሳየት እውነት ነው፤ አሳዩት። ጸሐፊው ከመንደሩ ጋር አብሮ ከፈረደባቸው ግን መጽሐፉ ያንኑ መግፋት ይደግማል። ታንኳው ረጥቦ ሲገኝ ሰዉ ሁሉ ወደ ሠሪው ይሮጣል። ጋዜጠኛዋ ሄዳ ስትጠይቀው ሠሪው አስተሳሰሩን አይቶ «ይሄ የእኔ ቋጠሮ አይደለም፤ ከተሸጠ በኋላ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል» ይላታል። ተጠርጣሪው ዋና ምስክሯ ሆነ።

አካባቢው እንዲህ ሆኖ ለስላሳ ልቦለድ መጻፍ ተገቢ ነው?

በጣም የምቸገርበት ጥያቄ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት አለ። ሰው የሞተበት አለ፤ መንገድ የተዘጋበት አለ፤ ትምህርት የተቋረጠበት አለ። የዛሬውን ጣና ዳር እየጻፍኩ ይህ እንደሌለ ማስመሰል አልችልም። ጋዜጠኛ በሞተር ሳይክል ከመንደር መንደር እንደ ልቧ ትዞራለች ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው።

ስለዚህ ዓመት መረጥኩ። የእኔ ታሪክ የሚሆነው በ2004 ነው። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር፣ በመገጭ በኩል፣ መታየት የጀመረበት ጊዜ ነው። ታሪኬ ውስጥ ያለ ዓሣ አስጋሪ ከዚያ በኩል ሲመለስ አንድ አበባ ያለው ቅጠል መረቡ ላይ ተጠምጥሞ ያገኛል። ሰዉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ጋዜጠኛዋ ፎቶ ታነሳለች። ዛሬ የሚያነበው ሰው የመጣውን ያውቃል፤ እነሱ አያውቁም።

ተገቢ ነው አይደለም ለሚለው የተማርኩት ከአንዲት ጎረቤቴ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ቡና አፍልታ ጠራችኝና ከረቂቁ ሦስት ምዕራፍ በስልኬ ብርሃን አነበብኩላት። ልጇ ሩቅ ነው፤ ስልኩ ከሠራ ስንት ቀን ሆኖታል። ምንም ሳትናገር ሰማችኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ ስኒውን አስቀምጣ «እና ታንኳው ላይ ሁለተኛው ሰው ማን ነበር?» አለችኝ። ገና አልጻፍኩትም ነበር። «እንግዲያው ነገ ማታ ና» አለችኝ።